ፓምፕ ቁጥር ሰባት ምሳ የወጣ ዕለት

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ሦስት ጊዜ ልደውልልዎ ስልኬን አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። በስልክ እርስዎን ማን ይችላል? ገና «ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለኝ» ስል፣ «ተይው ልጄ፣ ይልቅ ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ?» ብለው ወሬውን ወደ ጉልበቴ ያዞሩታል፤ እኔም ሞኟ ስለ ጉልበቴ ሳወራ የደወልኩበትን ጉዳይ እረሳለሁ። ወረቀት ግን መሐል ላይ አይቋረጥም። ስለዚህ ይቀመጡ፣ መነጽርዎን ይወልውሉ፤ ቁጣው ሲጨርሱ ይደርሳል። ጉልበቴ ደህና ነው።

የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። በምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔም እንደማውቅ ግን አልነገርኩዎትም። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ትንሽ ላስቅዎ። እርስዎም ቢሆኑ መጥፎ ወሬ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ወንበር ነበር የሚያቀርቡልን።

ባለፈው ሳምንት የቀዶ ሕክምናው ዶክተር ደወለና ሃሎ እንኳ ሳይል፣ «ጋሼ፣ የመምጠጫው ማሽን የት ነው?» አለኝ።

«ጋሼ ጡረታ ከወጡ እኮ ሰባት ወር ሆናቸው» አልኩት።

«እሺ፤ የት ነው?» አለኝ መልሶ።

እንዲህ ነን እንግዲህ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታሉን ዕቃ ሲጠብቁ፣ ከሐኪሙ እስከ በር ጠባቂው «ጋሽ የት-ነው» እያለ ነው የሚጠራዎት የነበረው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከወዲያ የሚመጣው ጥያቄ ያው ስለነበረ። እርስዎም ከመቀመጫዎ ሳይነሱ፣ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ። የግራ ጎማው ይንጫጫል፤ ቀስ ብለሽ ግፊው» ይሉ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ እርስዎ ዘንድ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያስታውሱት ብጠይቅዎ፣ «አላስታውስም፤ እጠይቃለሁ እንጂ» አሉኝ። የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። በየጠዋቱ ከአራተኛ ፎቅ ጀምረው በደረጃ እየወረዱ፣ ሊፍት የሚባል ነገር ሳይነኩ፣ በየክፍሉ በር ቆመው «ዛሬ ምን ይቸግራችኋል?» ሲሉ እሰማ ነበር። እሱንም እንደ ደህና አደራችሁ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዓምና ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በየደቂቃው የት እንዳለ በስክሪን የሚያሳይ ሥርዓት ሊተከል መታሰቡን ነገረኝና፣ «ዕቅዱን አንቺ አዘጋጂው» አለኝ። በማግስቱ ሻጩ መጣ፤ ሰማያዊ ከረባቱን ያስታውሱታል። አዝራር የምታክል ታግ የምትባል ነገር ዕቃው ላይ ትለጠፋለች፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ አንቴናዎች ያዩዋትና ለኮምፒውተሩ ይነግራሉ፤ ዕቃው በሕንፃው ካርታ ላይ እንደ አረንጓዴ ነጥብ ሲሄድ ይታያል። ነጥቦቹን ሳይ ልቤ ጠፋ። እውነቴን ነው፤ አሻንጉሊት እንዳየች ሕፃን ነው የሆንኩት። ቢሮዬን ዘግቼ ቆጠራ ጀመርኩ። አልጋው፣ ፓምፑ፣ ዊልቸሩ፣ ወንበሩ፣ የወለል መወልወያው ባልዲ ሳይቀር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዕቃ ታግ እንዲለጠፍበት ጻፍኩ። ምን እንደሚቸግረው ግን አንድም ሰው አልጠየቅኩም።

ያቺንም ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት ያኔ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ። «ከእንግዲህ የሆስፒታሉ ንብረት በአንድ አዛውንት ትዝታ ላይ ተንጠልጥሎ አይኖርም።» ስጽፋት ደስ ብላኝ፣ ጮክ ብዬ አንብቤያት ነበር።

ሰነድ መጠረዝ እንደ እርስዎ የሚሆንለት ስለሌለ፣ እንደ ሁልጊዜው ለእርስዎ አመጣሁት። ገጿን ረስቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልረሳሁም። የሚጠርዙትን ወረቀት አያነቡም ብዬ ነው። ጠርዙን በማስመሪያ አስተካክለው፣ በሱትና በክር ሰፉት። ሲሰጡኝም ቀና ብለው ሳያዩኝ «አራተኛው ገጽ ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ አቃንቼዋለሁ» አሉኝ። ያኔውኑ ገባኝ፤ ጋሼ። እያወቅኩ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ዓመት የሚያቆይዎ ውል ሲቀርብልዎ «ደክሞኛል» ብለው ሳይፈርሙ ቀሩ። አራት ፎቅ በደረጃ የሚወጣ ሰው ምኑ ይደክመዋል? ሽኝትዎ ላይ ንግግር ያደረግኩትም እኔ ነበርኩ። «ባለውለታችን» አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ እርስዎ ጫማዎን ያዩ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለኔ ነው።

አሁን ሳቁን ላምጣው፤ ቃል ገብቻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ዕቅዴን አንብቦ፣ «ከመግዛታችን በፊት ይሞከር» አለ። እርስዎ ከሄዱ ከሁለት ወር በኋላ ሻጩ ሃያ ታጎች ቦርዱ እስኪወስን ድረስ ለሙከራ ሰጠን። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንቴና ተሰቀለ፤ ዋናው በር ላይም አንድ ጨመረልን። ታጎቹን መድኃኒት በልክ በሚያንጠባጥቡት ፓምፖች ላይ ለጠፍን። እኔና ጥገና ክፍል ያለው፣ እርስዎ «ረጅሙ» የሚሉት፣ ስክሪኑ ፊት ተሰየምን። ሁለት ቀን ሙሉ ነጥቦቹ በየክፍላቸው ጨዋ ሆነው ዋሉ። እኔማ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፓምፕ ቁጥር ሰባት ከሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

«ማን ነው የሚወስደው?» አልኩ።

«በሽተኛ ይዞት እየሄደ ይሆናል» አለ ረጅሙ።

ፓምፑ በሊፍት ወረደ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ካፍቴሪያ ገባ፣ መስኮቱ አጠገብ አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባ። ረጅሙ አልሳቀም። ስክሪኑን እያየ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ እንደሚመሰክር ሰው፣ «ምሳውን በልቶ እጁን እየታጠበ ነው» አለኝ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስልኬ ላይ ካርታውን ከፍቼ ካፍቴሪያ ወረድኩ። ፓምፕ የሚባል የለም። መስኮቱ አጠገብ እርስዎ «ጄኔራሏ» የሚሏት የሦስተኛ ፎቅ ኃላፊ፣ ሲስተር፣ ሾርባዋን ትጠጣለች። የኔንም ሾርባ ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ካርታው ፓምፑ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው ይላል። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ፓምፕ።»

«ሾርባ ውስጥ?»

«ሲስተር፣ እዚህ ነው እያለኝ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። እጇን የጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችና አራት ታጎች አውጥታ ከጨው ዕቃው አጠገብ ደረደረች። ለካ ምሳ የወጡት አራት ናቸው፤ ነጥቦቹ ስለተደራረቡ ሰባት ቁጥርን ብቻ ነው ያየነው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ስክሪን ላይ ታየ ማለት ተወሰደ ማለት ነው። ሁለተኛ ፎቆች ያዩታል፣ ይመጣሉ፣ ለአሥር ደቂቃ ብለው ይወስዳሉ፣ በሳምንቱ ይመልሳሉ። ያውም ቆሽሾ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ተኝታብኝ ፓምፕ አጣሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ ጠብታ ስቆጥር ዋልኩ። ሌሎቹ አሥራ አራት በሽተኞቼ ደግሞ ሲስተር መቼ ትመጣለች እያሉ ደቂቃ ሲቆጥሩ ዋሉ።»

«ታዲያ የት እንዳለ ብታውቂ ኖሮ...»

«የት እንዳለማ አውቅ ነበር። ዕቃ ማጽጃው ክፍል፣ ወለሉ ላይ፣ ሳይጸዳ ተኮልኩሎ። የቸገረኝ የት እንዳለ አይደለም፤ ስፈልገው ንጹሕ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ጋሼ ቢሆኑ ይጠይቁኝ ነበር።»

ሾርባዬ ቀዘቀዘ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ የሰማኋት ሴትዮ እኔው ሆኜ ተገኘሁ፤ ነጥብ ላይ ስንጠራራ ሰው ጠፋኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ ጀመርኩ። በደረጃ። (ጉልበቴ ደህና ነው ያልኩዎ ትንሽ ይጨመርበታል፤ ትንሽ ያመኛል።) ሁለት ሳምንት ሙሉ በየበሩ ቆሜ «ዛሬ ምን ይቸግራችኋል?» አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳቁብኝ፤ ድምፅዎን የቀዳሁ መስሏቸው። በአራተኛው ቀን መመለስ ጀመሩ። በር ጠባቂው፣ «ጠዋት በሩ ላይ አምስት ዊልቸር አለ፤ አራት ሰዓት ላይ አንድም የለም። የት ሄደ ብዬ አላውቅም፤ መቼ ይመለሳል ነው የኔ ጥያቄ። ትናንት አንድ ሽማግሌ አዝዬ ነው ያስገባሁ» አለኝ። ረጅሙ የዓመት ምርመራ የደረሳቸውን ማሽኖች ፍለጋ ወር እንደሚፈጅበት ነገረኝ፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። የልብስ ማጠቢያዋ ኃላፊ ደግሞ፣ «እኔ ዘንድ ምንም አይጠፋም። ከጠፋም የምጠፋው እኔ ነኝ፤ እሱም ለምሳ ነው። ይልቅ ፊትሽ ገርጥቷል፣ ተቀመጪና ሻይ ጠጪ» አለችኝ። ልብስ ማጠቢያውን ከዕቅዱ ሰረዝኩት፤ ሻዩን ግን ጠጣሁ።

አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ የነበረው ታግ አንድ መቶ አርባ ስድስት ሆነ። ባልዲው ነጻ ወጥቷል። ፓምፑ የትኛው ክፍል እንዳለና ከማጽጃው ክፍል ወጥቶ እንደሆነ ካወቅን ይበቃናል፤ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ በክንድ መለካት የማን ችግር ነው? ዊልቸሩም ሕንፃውን ሲዞር መከታተል አያስፈልገንም፤ በሩ ላይ ከሁለት በታች ሲቀር በሽተኛ የሚያመላልሱት ሠራተኞች ስልክ ይጮኻል፣ አለቀ። የአዲሱን ዕቅድ የመጀመሪያ መሥመር ያስጻፈችኝ ሲስተር ናት። «ሰው ላይ ታግ አይደረግም» ይላል። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተክላ ቆማ ነው ያስጻፈችኝ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ስክሪን የማይፈልገውን ሥራ ጀመርን። ያገለገሉ ፓምፖች በቀን ሁለቴ ይጸዳሉ፤ በየፎቁ አራት አራት ንጹሕ ፓምፕ ሁልጊዜ ይቀመጣል። ይህ በሆነ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ተደብቀው የነበሩ አሥራ አንድ ፓምፖች ብቅ አሉ። አንዱ «አሮጌ መጋረጃ» ከተባለ ሣጥን ነው የወጣው። ሻጩ አዲሱን ዕቅድ ሲያይ ከረባቱን አላላ። «ነጥቦቹ እኮ በጣም አነሱ» አለኝ። «እኛን የቸገረን ነጥብ አይደለም» አልኩት። ተከዘና ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፋት፤ ለሌላ ደንበኛ ሊነግራት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አላልቅ አለን። አንቴና በየፎቁ ስንሞክር አራተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ስንደርስ ታጉ ድርግም ይላል። ሻጩ ሁለት ጊዜ መጣ፣ አንቴና ለወጠ፣ መሰላል ወጣ፣ መሰላል ወረደ። በመጨረሻ ረጅሙ፣ «ጋሼ ቢኖሩ ያውቁት ነበር» አለ። ያን ጊዜ የመሳቢያዎ ደብተር ትዝ አለኝ። ጥቁር ልባሱ የተላጠው። ከሄዱ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼው ነው።

ከፈትኩት። «4ኛ ፎቅ፣ ምሥራቁ ጥግ፦ ድሮ የራጅ ክፍል ነበር፤ ግድግዳው ውስጥ የእርሳስ ብረት አለ። ስልክም አይሠራም።» ረጅሙ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ሲስቅ እኔ ግን ማንበቤን አልተውኩም። ጥቂት ገጽ ወረድ ብሎ፦ «3ኛ ፎቅ፣ የአሮጌ መጋረጃ ሣጥን፦ ፓምፕ ቁጥር 2። አይነካ። ሲስተር እሱ ሲኖራት ትረጋጋለች።» ከዚያም፦ «2ኛ ፎቅ፣ ከካቢኔው ጀርባ፦ ፓምፕ ቁጥር 3። ደብቀውት ነው። ማጽጃው ክፍል ከፈጠነላቸው ራሳቸው ያወጡታል።» ሁሉንም ያውቁ ነበር። የተደበቀበትን ብቻ ሳይሆን የተደበቀበትን ምክንያት። ለማጽጃው ክፍል ሁለት ሰው እንዲጨመር አምስት ጊዜ ማመልከቻ መጻፍዎም እዚያው ሰፍሯል፤ መልሱ ግን የለም። እኔ ያንን ነው «የአንድ አዛውንት ትዝታ» ያልኩት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስለኔ ጽፈዋል። ቀኑን አየሁት፤ ሰነዴን ከጠረዙልኝ በማግስቱ ነው። «ልጅቱ ብልህ ናት። መጠየቅ ስትጀምር ከኔ ትበልጣለች። ገና አልጀመረችም» ይላል።

ጋሼ፣ መሳቢያው ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ረጅሙ ግራ ገብቶት፣ «የራጅ ክፍል መሆኑ ይህን ያህል ያስለቅሳል?» አለኝ፤ እሱም ደግሞ አሳቀኝ። በድዬዎታለሁ ማለት የነበረብኝ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነበር፤ ሽኝትዎ ላይ። አላልኩም። አሁን እላለሁ፦ በድዬዎታለሁ፣ ጋሼ። ዓረፍተ ነገሯ ውሸት ነበረች፤ ከውሸትነቷም ይልቅ የከፋው፣ ማንበብዎን እያወቅኩ ዝም ማለቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱን ዕቅድ ለቦርዱ አቀርባለሁ። የሚሰሙን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲስተር ትመጣለች፤ በር ጠባቂውም ተረኛ ተክቶ እመጣለሁ ብሏል። የሚጎድለው ጥያቄውን መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ነው። አጠገቤ አንድ ወንበር አስቀምጫለሁ። ምንም እንዲናገሩ አልጠይቅዎትም፤ ቦርዱ ሰው ሲበዛበት እንደሚያንቀላፋ ያውቃሉ።

ዕቅዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው፣ አልተጠረዘም። እንዲጠርዝልኝ ለማንም አልሰጠሁትም፤ ክሩንም ጨምሬዋለሁ። አራተኛውን ገጽ ቀድመው ያንብቡት። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሥርዓት የተነደፈው ለሠላሳ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሲጠየቅ በኖረ አንድ ጥያቄ ላይ ነው።» ጥያቄውም ተጽፏል፤ የጠያቂው ሙሉ ስምም። ስምዎን ለማግኘት የሠራተኞች መዝገብ ቤት ድረስ ነው የሄድኩት። «ጋሽ የት-ነው» ብዬ ልጽፈው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ አንዲት አዝራር የምታክል ነገር ያገኛሉ፤ እንዳይደነግጡ። ሃያኛዋ ታግ ናት። ሰው ላይ ታግ አይደረግም ብለን ስለወሰንን፣ በእርስዎ ስም አልተመዘገበችም፤ የተመዘገበችው በሰነዱ ነው። ከሆስፒታሉ ውጭ ማንም አያያትም፣ ቤትዎ ውስጥም ምንም አታደርግም፤ ሰነዱን ይዘው ዋናው በር ሲደርሱ ግን አንቴናው ያያታል። ስክሪኑን ከፍቼዋለሁ። አሁን ይህን ስጽፍልዎ አጠገቤ ነው፤ «የዕቅዱ ሰነድ፦ በሕንፃው ውስጥ ነው» ይላል። ነገ ፖስታ ቤት ስወስደው «አልታየም» ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ስትል፣ የት እንዳሉ አልጠይቅም። በደረጃ እየወረድኩ ነው።

መጠየቅ የጀመረችው፣
ልጅዎ